ማን እና አለኝ

በሙዝ ካርቶን ውስጥ፣ ተጠቅልለው ባንድ፣
አመጣቻቸው ልጄ፣ ከአፉላ ጋራዦች መንገድ።
«እማ፣ አንዱን ብቻ ልወስድ ነበረ፤
ሌላዋ አለቀሰች፤ ካርቶኑ ተቧጨረ፤
እንዴት ልተዋት?» አለች።
ወታደር ናት። እሁድ፣ በሌሊት ተነሥታ
ሄደች፤ ሁለቱን ቡችላ ለኔ ትታ።

በአገራችን ወግ ውሻ ስም ሲወጣለት
ለጎረቤት የሚላክ ነው፣ መልእክት።
አባቴ ውሻውን «ይየው» ነበር ያለው፤
ማን እንዲያይለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅነው።
እኔ ዐረፍተ ነገሩን ከመኻል ሰበርሁት፤
ወንዱን «ማን» አልሁት፣
ሴቷን «አለኝ» አልኋት።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከሰገነቱ ቆሜ ስጣራ
«ማን! አለኝ!» ብዬ፣ ወደ ጊቫት ሃሞሬ ተራራ፣
ከታች ወይዘሮ ትርንጎ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ፣
«እኛ አለንሽ እንጂ! ምን ሆንሽ?» ይላሉ።

ሁለት ሳህን ሰጠሁ፤ ካንዱ ይበላሉ።
ሁለት ፍራሽ ሰጠሁ፤ ካንዱ ይወድቃሉ።
ይሄ ጅራት የማን ነው? የማን ነው።
የሶፋው እግር ተበላ፤ ከጫማዬ ግራው የለም።
ስጠራቸው አይሰሙኝም፤ እርስ በርስ ነው ወሬው፣ ልፊያው፤
እኔ እንደሆንሁ በር ከፋች ነኝ፣ ሳህን ሞይ፣ ያው።

ገናዲ መጣ፣ የውሻ አሠልጣኝ፣ ፊሽካ ካንገቱ አንጠልጥሎ፤
ብዙ አያቸው፣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ።
«ካንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት አብረው አይደጉ፤
ላንቺ ጆሮ አይኖራቸውም፤ እርስ በርስ ነው የሚፈላለጉ።
ለያዪ። ምግቡን ለየብቻ፣ መኝታውን በየክፍሉ፤
ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን አውጪ። ይጮኻሉ፤ ይለምዳሉ።»
አለኝ።
(ይኼኛው ላልቶ ይነበብ።)

ይህን ነገር ሰምቼዋለሁ።
መርካዝ ክሊታ፤ እኔ ዐሥራ ሁለት፣ ቢያድግልኝ ዐሥራ ሦስት፣
አንዲት ፋይል የያዘች፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ የወጣ ሴት
(ክፉ አልነበረችም፤ ብርቱካን ልጣ ሰጥታኛለች)
«ሁለቱ አብረው ከሆኑ ቋንቋ አይለምዱም» አለች
ለአባቴ፣ በአስተርጓሚ። «የራሳቸው ወሬ አላቸው።»
እሱ ወደ ሃይፋ፣ እኔ ወደ ደቡብ፤ ሁለት አውቶቡስ፣ ባንድ ሰዓት።
በሦስት ወር ቋንቋውን አወቅነው። ልክ ነበረች፣ በእውነት።
በፋሲካ ስንገናኝ በዕብራይስጥ ነበር ሰላምታው፤
የቀልዳችንን ቃል ጣል ባደርግለት፣ ዐይኑን አንከራተተው።

ለየኋቸው።
ማንን ኩሽና፣ አለኝን መኝታ ቤት፤ በሩን ዘጋሁ።
ሦስት ሌሊት አለቀሱ፤ ሦስት ሌሊት በሁለት በር መኻል፣
ኮሪደር ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ ተቀመጥሁ።
ወይዘሮ ትርንጎ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡ።

በአራተኛው ቀን አለኝን ብቻዋን፣ እርሻው ዳር፣ ታቦር ፊት ለፊት፣
ገመዷን ፈታሁና፣ ራቅ ብዬ ጠራኋት።
መጣች። በሩጫ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ እኔን እያየች፣ እኔን።
ገናዲ ልክ ነበር። ተናደድሁ። ዳቦ ሰጠኋት፤ ያለቀስሁም መሰለኝ።

ማን ግን ብቻውን ሲጠራ ጥያቄ ሆነ።
«ማን!» ብዬ ስጮኽ፣ አንድ ሽማግሌ
ከአውቶቡስ ፌርማታው ተነሥተው «እኔን ነው፣ ልጄ?» አሉ።

ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ለቢያድግልኝ ደወልሁ፤
ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ፣ ድንች እየላጥሁ።
ከሃይፋ ናሃሪያ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሁሌም በዕብራይስጥ ነው መልሱ።
ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣
ያባታችንን ድምፅ አስመስሎ፣ አወፍሮ፣
«ማን ልበል?» አለ፣ እንደ ጥንቱ፣ አክብሮ።

ማን ተነሣ። ከኩሽናው በር ጀርባ ጮኸ፣ ቧጨረ፤
አለኝ ከወዲያ መለሰች፤ ቤቱ ተሸበረ።
«እዚያ ማን አለሽ?» ይላል ወንድሜ።
ቢላውን አስቀምጬ፣ ሁለቱንም በር ከፍቼ፣ ቆሜ፣
ልመልስለት አልሁና ሳቅ አፈነኝ።

እሁድ እንደገና እለያቸዋለሁ።
ለገናዲ እንዳትነግሩብኝ።